የወይዘሮ የትናየት አለነ የሕይወት ታሪክ፣ በቀናተኛ ወንድማቸው እንደተጻፈ

ወይዘሮ የትናየት አለነ ከአባታቸው ከአቶ አለነ አወቀና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዝናሽ አላምረው መጋቢት 12 ቀን 1968 ዓ.ም. በማክሰኝት ከተማ ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ እኔ፣ ምንይችል፣ ተከተልሁ። ይህን እንድጽፍ ያዘዙኝ አጎታችን አያ ሀዳነ «ያንተ ጽሕፈት ሸጋ ነው» ብለው ነው። እህቴን የምበልጥበት ነገር ይኸው የእጅ ጽሕፈቴ ብቻ ነው።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በማክሰኝትና በጎንደር ተከታትለዋል። ከአንደኛነት ወርደው አያውቁም። እኔ ሁለተኛ ስወጣ እናታችን ካርዴን አገላብጠው «ምነው እንደ እህትህ ብትሆን!» ይሉኝ ነበር። እስካሁን ያመኛል።

በ1990 ዓ.ም. በኬሚስትሪ ተመርቀው ጎንደር ውስጥ በአንድ ላቦራቶሪ ተቀጠሩ። እኔም ትምህርቴን ስጨርስ እዚያው ገባሁ። ሌላ መሥሪያ ቤት ጠፍቶ አይደለም፤ እርሳቸው ባሉበት ካላሸነፍሁ ማሸነፌ አይታይልኝም ብዬ ነው። ሥራቸው ሳሙና ወይም የተባይ መድኃኒት ወንዝ ሲገባ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን በልተው ይጨርሱት እንደሆነ መመርመር ነበር። ከኬሚካሉ ጥቂት ከወንዝ ውሃ ጋር በጠርሙስ ታሽጎ ሃያ ስምንት ቀን ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል፤ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ከቀነሰ ተሕዋስያኑ እየበሉት ነው ማለት ነው። ወይዘሮ የትናየት የፋሲካ ዕለት እንኳ ጠርሙሶቹን ሳያዩ ገድፈው አያውቁም።

በ1995 ዓ.ም. ከአቶ እንዳልካቸው ወንድምአገኝ ጋር ጋብቻ መሥርተው ኤሌኒንና ሐብተ ማርያምን ወልደዋል።

በ2003 ዓ.ም. አንድ ሳሙና አምራች አዲሱ ፈሳሽ ሳሙናው በቀላሉ ይበሰብስ እንደሆነ እንዲመረመርለት ጠየቀ። በዚያው ዓመት ለአንድ ሰው ብቻ የውጭ አገር የትምህርት ዕድል መጥቶ እኔና እርሳቸው ታጭተን ነበር። ውሃ እንድቀዳ ወደ ቀሃ ወንዝ የተላክሁት እኔ ነኝ። ውሃው የሳሙና እጣቢ ከማይደርስበት ከላይኛው ወንዝ መቀዳት ነበረበት። ዳገቱ ታከተኝና ልብስ ከሚታጠብበት ሞልቼ ተመለስሁ። ሌላ ጊዜ ለመጀመር ቀናት የሚፈጅባቸው ተሕዋስያን፣ የእጣቢውን ሳሙና ለምደው ኖሮ፣ በመጀመሪያው ቀን መብላት ጀመሩ። ሳሙናው አለፈ፤ ሪፖርቱም ወጣ።

እህቴ ቁጥሮቹን ደጋግመው አይተው «ምንይችል፣ ውሃውን ከየት ነው የቀዳኸው?» አሉኝ።

«ከላይ ነው፣ እታለም» አልኋቸው።

በማግስቱ ጀሪካኑን ራሳቸው ተሸክመው ከላይ ቀዱና ሃያ ስምንቱን ቀን እንደገና ጠበቁ። ሳሙናው ግማሹ እንኳ አልበሰበሰም። ሪፖርቱ እንዲሰረዝ ለአለቆቹ ሲጽፉ፣ «የመጀመሪያውን ውሃ ከማይሆን ቦታ የቀዳሁት እኔ ነኝ» አሉ። በዚህ ጥፋት ስማቸው ከዕጩነት ወጣ። እኔ ሄድሁ።

በሁለተኛ ዲግሪ ተመልሼ የእርሳቸው ኃላፊ ሆንሁ። ሠራተኛው ግን ውጤት ሲያጠራጥረው የእኔን ቢሮ አልፎ ወደ እርሳቸው ይሄድ ነበር። እርሳቸው ያን ውሃ አንድም ቀን አላነሡብኝም። አንድ ጊዜ ቢሰድቡኝ ኖሮ እኩል እንሆን ነበር።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆዩ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ሆስፒታል ብሄድ፣ አስቀድመው «ጠርሙሶቹ ስንተኛ ቀናቸው ነው?» አሉኝ። «አሥራ ዘጠነኛ» ብዬ ሌላ ሳልናገር ወጣሁ። በሳምንቱ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ48 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ከኋላቸው ወላጅ እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንድ ወንድም ትተዋል። ይህን ሁሉ ለቀስተኛ ሳይ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ዛሬም ቀናሁባቸው።

አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። ስለዚያ ውሃ የጻፉትን አንዲት ውሸትም አይቁጠርባቸው። ውሃውን የቀዳሁት እኔ ነኝ።