ስለማይታጠፈው ወረቀትና ስለ ጠባቡ ሣጥን

ለተከበሩ የሕክምና ማመልከቻ ተቀባይ ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጸና፣ ወገብዎም እንደ መመሪያዎ የማይታጠፍ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ እኔ የልጅ ልጆቼ «አባባ ነገረኛ» የሚሉኝ ሽማግሌ ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ልጽፍልዎ ተገድጃለሁ፤ በሣጥንዎ በኩል ብልከው እንደማይደርስዎ ከልምድ ተምሬአለሁና።

ጉዳዩ የባለቤቴ ዐይን ነው። ሐኪሟ በዐይኗ ውስጥ ያለው ግፊት ብርሃኗን እየበላው እንደሆነ፣ የጠፋው እንደማይመለስ፣ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካገኘች ግን የቀረው ሊተርፍ እንደሚችል ነግሮን፣ ክፍልዎ ተራ እንዲሰጣት ማመልከቻ ጻፈልን። ከዚያ ወዲህ የሆነውን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ማመልከቻውን እንደ ሰው ሦስት ቦታ አጥፌ በረጅሙ ፖስታ ብልከው «የታጠፈ ሰነድ አይስተናገድም» ተብሎ ተመለሰልኝ። ኤ ፎር ወረቀት ሳይታጠፍ የሚተኛው ሲ ፎር በሚባለው ትልቁ ፖስታ እንደሆነ፣ በሲ ፋይቭ ግን ካልታጠፈ እንደማይገባ በዚህ ዕድሜዬ ስላስተማሩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ያለ እርስዎ ይህን ሳላውቅ መቃብር እወርድ ነበር።

፪ኛ፦ ትልቁን ካኪ ፖስታ ገዝቼ ብመጣ፣ በር ላይ የተሰቀለው የማመልከቻ ሣጥንዎ አፉ ስንዝር እንኳ አይሞላም። በእጅ መስጠት ደግሞ ክልክል ነው። ጥበቃው፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ «አባቴ፣ ምን ያስጨንቅዎታል፣ አጥፈው ይክተቱት» ቢለኝ አጥፌ ከተትኩት። መታጠፉ ተጠቅሶ ተመለሰ።

፫ኛ፦ ማን ከማን ያንሳል ብዬ ማመልከቻውን ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰድኩና የኤ ፎር ግማሽ ወደሆነው ኤ ፋይቭ አሳነስኩት። ሳይታጠፍ በሲ ፋይቭ ፖስታ ሆኖ በሣጥኑ አፍ ሰተት ብሎ ገባ። ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ፤ ባለቤቴም «ይኸ ተንኮልህ አንድ ቀን እንኳ ጠቀመን» ብላ ሳቀች። መልሱ መጣ፦ «ፊደሉ ስላነሰ ማንበብ አልተቻለም።» ክቡርነትዎ፣ ይህ እኮ የባለቤቴ ሕመም ነው! ለሠራተኞችዎ እግዜር ምሕረቱን ይላክላቸው፤ ተራ ለመያዝ ሲያመለክቱ ግን ወረቀታቸውን እንዳያጥፉ አደራ ይንገሩልኝ።

፬ኛ፦ ይህኛው ቅሬታ አይደለም፤ የት እንደማስቀምጠው ስላጣሁ ነው። ትናንት ውሃ ስትቀዳልኝ ብርጭቆውን ስታ ጭኔ ላይ አፈሰሰችው። ዕድሜ ልኬን ሳበሽቃት ስለኖርኩ ብድሯን የመለሰች መስሎኝ ከት ብዬ ሳቅሁ። እሷ ግን ጆጉን እንደያዘች «ሞላልህ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ስለዚህ ዝቅ ብዬ የምለምንዎ፣ ወይ የሣጥኑን አፍ በመጋዝ ያስፉልን፣ ወይ አንዲት ጊዜ ማጠፍን ይፍቀዱልን፣ እሱም ከከበደ በመስኮትዎ በኩል እጅዎን ይዘርጉልንና ወረቀቱን ይቀበሉን። የእጅዎ መጠን በመመሪያው ላይ ስላልተጻፈ የሚጥሱት ደንብ ያለ አይመስለኝም።

በማስመሪያ የተለካ፣ ጠርዙ ያልተጨማደደ አክብሮቴን በሁለት እጄ እያቀረብኩ፣

ታዛዥዎ፣
የሕመምተኛዋ ባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለባለቤቴ የተራ ቁጥሯን ሲልኩላት ስለ ወረቀቱ መጠንም ሆነ ስለ ፊደሉ ማነስ ከቶ እንዳይጨነቁ። በያዙት አካሄድ ከቀጠሉ፣ በምንም ላይ ቢጽፉት የማነብላት እኔ ነኝ።