የፊት ወንበር

ኅዳር 8፣ ከራት በፊት
ዛሬም ቂንጬ፣ ጨው የሌለው። ደብተሬ፣ ቅናት አንጀቴን አሳረረው። ትናንት የፊልሙ መኪና መጣ። አዳሪ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንሶላ ተወጠረ፤ ወታደሮች ሲሰለፉ ያሳያል። ከእኔ በላይ ያለው አልጋ ላይ የምትተኛው ዘይነባ ብድግ ብላ ጮኸች። ወንድሟን ሰይድን አየችው! ሁሉም አጨበጨበላት። ጓድ ዳይሬክተር የዘማች እህት ናት ብለው ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧት። ስኳር ያለው ሻይም ተሰጣት። እኛ መሬት ላይ።

ኅዳር 10
አሁንም ሰይድ፣ ሰይድ። ፀጉሯን ስሠራት ጠበቅ አድርጌ ጎነጎንኩት። አመመኝ አለች። ይመማት! የኔ ወንድም ካሳዬ በቁመት ይበልጠዋል። ግን ማን ያየዋል? ቀበሌዎች ለውትድርና እንዳያፍሱት አገራችን ሙጃ፣ ቤታችን ባዶ ጎተራ ውስጥ ተጎልቷል። አባዬ አስምለውኛል፤ ከጠየቁሽ ሁመራ ወርዷል በይ ብለው።

ኅዳር 12
በሚካኤል ቀን ልብስ አሳጠቡን። አንዷ ያንቺስ ወንድም ፈርቶ ሸሸ አይደል አለችኝ። ሳቁ። ደሜ ፈላ። የትም አልሸሸም፣ ቤቱ ጎተራ ውስጥ ሆኖ ቀበሌውን ሁሉ ያታለለ ጀግና ነው አልኩ። እጥበቱን ትተው አዩኝ። ደስ አለኝ! ዘይነባ ጠጋ ብላ፦
«አንቺ፣ ምን ነካሽ? ወጥ ቤቷ ሰማችሽ እኮ። ባሏ የቀበሌ ጥበቃ ነው።»
ቀንታ ነው።

ኅዳር 20
አባዬ ከሙጃ በእግራቸው መጡ። ቀበሌዎች ካሳዬን ወሰዱት። አልጋ ሥር እንኳ አላዩም አሉ፣ ቀጥታ ጎተራው። ማን እንደጠቆመ አባዬ አላወቁም። እኔን አልጠየቁኝም። በሶ ሰጡኝ።
«አንቺስ ደህና ነሽ ልጄ?»
ደህና ነኝ አልኳቸው።

ኅዳር 21
በሶውን አልነካሁትም። ዘይነባ ስለኔ አለቀሰች። ከዚያ ፊልም ወዲህ የሰይድ ወሬ የለም።
«ወላሂ፣ ጎተራ ውስጥ ነው ስትይ ቀናሁብሽ» አለች። «ምነው ሰይድም እንደሱ በሆነ ብዬ።»
እውነትም ቀንታ ነበር።

ኅዳር 24፣ 11 ሰዓት
የፊልሙ መኪና ተመለሰ። ሞተሩ ይሰማኛል። ጓድ ዳይሬክተር ምሳ ላይ ስሜን ጠርተው አስጨበጨቡልኝ። የዘማች እህት። ለማታ ፊት ወንበር፣ ሻይ በስኳር።
ላለማየት አስቤ ነበር። አይሆንም፣ አያለሁ። ካሳዬን ካየሁት ግን አልጮህም። ለገና ሙጃ ስገባ ለአባዬ እነግራቸዋለሁ። እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። ይግረፉኝ።
ዘይነባ እየጠራችኝ ነው። ከጎኗ ቦታ ይዛልኛለች።