ካርዶቹ ያሞቁት ክፍል

ማክሰኞ

የኮምፒውተሩ ሦስተኛ ግራፊክስ ካርድ ዛሬም ስታክ አደረገ። ጥፋቱ የካርዱ አይደለም፣ የኔ ነው። ትናንት የለወጥኳት መስመር ሜሞሪውን ከአቅሙ በላይ ታስሮጠዋለች። መለስኳትና ሌላ ሞከርኩ። አሁንም ስታክ።

ከምሳ በኋላ ገባኝ። ካርዱ ከሜሞሪው ትንሽ ትንሽ እያነበበ ይመላለስ ነበር፤ ከምንጭ በኩባያ እንደሚቀዳ ሰው። በእንስራ እንዲቀዳ አድርጌ ጻፍኩት። ኮምፓይል አደረግሁት። ሄደ! አምስቱም ካርዶች ከበፊቱ ይፈጥናሉ፣ ደግሞም ቀዝቀዝ ብለዋል። ፋኖቹ እንኳ ጩኸታቸውን ቀነሱ። ብቻዬን ሳቅሁ።

ምን እንዳሳቀኝ እንጃ። ኢንተርኔት ከተዘጋ ቆየ፤ ያለ ኢንተርኔት ማይኒንግ፣ በኮምፒውተር ስሌት ዲጂታል ገንዘብ ማምረት፣ የለም። ሶፍትዌሩ ግን ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ዓይነት ነው፤ ሳይዘጋ በፊት አውርጄዋለሁ። የሙከራ ሁነታም አለው፤ ከውጭ ሥራ ባይመጣለትም የውሸት ሒሳብ ለራሱ ፈጥሮ ያሰላል። በዚያ እየለካሁ ነው የማሻሽለው። ሲከፈት ተዘጋጅቼ ልገኝ ብዬ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ?

ካርዶቹ የይመር ናቸው፣ የእህቴ የትርንጎ ባል። ሪያድ ውስጥ አንድ የጌም ቤት ሲዘጋ አሮጌዎቹን ገዝቶ፣ ወደ አገር በሚመለሱ ሰዎች አንድ ባንድ ላከልኝ። «ዕቃ ከኔ፣ እጅ ካንቺ» ነበር ያለኝ። የመካነ ሰላሙ የጥገና ሱቄ ከቆመ ወዲህ እዚህ ከትርንጎ ጋር ነኝ፤ ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በዚህች ትንሽ ከተማ።

ትርንጎ ወገቧን ያማታል። ወሯ ገና ነው። መንታ ስለሆነ ነው አለች አዋላጇ ሲስተር ሙሉ፣ ተኚም ብላታለች። እሷ ግን ጓዳ ገብታ ገብስ ስታበጥር አገኘኋት። ተቆጣኋት። ታላቄን መቆጣት አልወድም።

ሐሙስ

ወለደች።

ምጡ የጀመራት ትናንት ጠዋት ነው። መንገዱ ዝግ ነው፤ ወደ መካነ ሰላም የሚወጣ መኪና የለም፣ ተኩስ ስላለ በእግርም አትሂዱ ተብሏል። ሲስተር ሙሉ ቦርሳዋን ይዛ መጣች። ወንዱ ቀደመ፣ ሴቷ ተከተለች። እንዲህ ያለ ትንሽ ሰው አይቼ አላውቅም። የወንዱ መዳፍ የአውራ ጣቴን ጥፍር ያህላል። ግን አለቀሱ። ሁለቱም።

ሲስተር ሙሉ ራቁታቸውን የትርንጎ ደረት ላይ አስተኛቻቸውና ባና ደረበችባቸው። ከዚያ ወደ ደጅ ጠራችኝ።

«ሰናይት፣ እንዲህ ያሉትን የሚገድላቸው ረሃብና ብርድ ነው» አለችኝ ፊት ለፊት። «ወተቱን በጠብታ እንሞክራለን። ብርዱን ግን እኔንጃ። ቤታችሁ በረዶ ነው።»

እውነቷን ነው። ታኅሣሥ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ግቢው በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚነጋው። ከሰል ላቀጣጥል ስነሳ ጮኸችብኝ። «በጭስ ልትፈጃቸው ነው?» የኤሌክትሪክ ምድጃ ተዋስን፤ መብራቱ ደካማ ስለሆነ ሽቦው እንኳ አልቀላም።

ባልዲ ፍለጋ ካርዶቹ ያሉበት ክፍል ገባሁ። የማክሰኞውን ሙከራ ሳላጠፋ ነው የተውኩት። ፊቴን ሞቀኝ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

«ሲስተር፣ እስቲ ነይ።»

በሩ ላይ ቆማ እጇን ወደ ውስጥ ዘረጋች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ኮምፒውተር።»

«ጭስ አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

አልጋውን አስገባን። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ። ማሽኑንና አልጋውን በአንሶላ ጋረድኩ፤ ነፋሱ በቀጥታ እንዳይመታቸው።

ዓርብ

የማክሰኞውን ሥራዬን አፈረስኩት። አሮጌውን ኮድ መለስኩ፣ ያንን በኩባያ የሚቀዳውን። ካርዶቹ ብዙ ኤሌክትሪክ እንዳይስቡ ያደረግሁትንም ልጓም አነሳሁ። ካርዶቹ ጮኹ። ስንት ጊዜ ሙቀት ለመቀነስ የደከምኩበትን ነገር አሁን እያባባስኩት ነው። ቢሆንም ይሠራል። ምድጃው መብራት ሲደክም አብሮ ይደክማል፤ የነዚህ ፓወር ሰፕላይ ግን መብራቱ ዝቅ ሲል የበለጠ እየሳበ ለካርዶቹ የሚፈልጉትን ይሰጣል።

ዛሬ የሆነው፦

ወንዱ በጠብታ ጠባ። ሴቷ አስመለሰች፣ ከዚያ እሷም ጠባች።

ሲስተር ሙሉ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቴርሞሜትር አመጣችልኝ። እኩለ ቀን ላይ በጣም ሞቀ። ካርዶቹን አንድ ባንድ የሚያበራና የሚያጠፋ አጭር ኮድ ጻፍኩ። ሲበርድ እጨምራለሁ፣ ሲሞቅ እቀንሳለሁ። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ ትንሹ ነው። እንዲህ እየፈራሁ የጻፍኩትም የለም።

ትርንጎ፦ «ወፍጮ ቤት የተኛሁ መሰለኝ።»

ጎረቤታችን እመት ዘሀራ አጥሚት ይዘው ገቡ። ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው ዙሪያውን አዩ። «ማሻ አላህ! ይሄ ቤት ጂዳ ሆኗል!» ባለፈው ካርዶቹ ምን እንደሚሠሩ ጠይቀውኝ፣ ሒሳብ እያሰሉ ገንዘብ ያመጣሉ ብያቸው ነበር። «ያ ሒሳባቸው ይሄ ነው እንግዲህ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? «አዎ፣ እመት ዘሀራ፣ ይሄ ነው» አልኳቸው። «አብሽሪ፣ እኔም ዱአ አደርጋለሁ» ብለው ወጡ።

ማታ ይመር ደወለ። መስመሩ ይቆራረጣል።

«ልጆቼስ?»

«ደህና ናቸው። ትንንሽ ናቸው፣ ግን ደህና ናቸው።»

ስለ ካርዶቹ ነገርኩት። ያለ እረፍት እያነደድኳቸው እንደሆነ፣ እንዲህ ከቀጠለ እንደሚበላሹ።  

«ይንደዱ!» አለ። «እኔ ለማን ብዬ ነው እዚህ ፀሐይ ላይ የምቆመው? ይንደዱ አልኩሽ፣ ሰኒ።»

እሑድ

አንደኛው ካርድ ሞተ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝና ሮጬ ነቀልኩት። አራቱ ይበቃሉ። የሌላኛው ፋን ደግሞ ይንተፋተፋል፤ ዘይት አደረግሁለት፣ እስከ መቼ እንደሚሄድ አላውቅም።

ወንዱ ዛሬ ብዙም አልጠባም። ሴቷ ጉልበት አላት፤ የትርንጎን ጣት ይዛ አልለቅም አለች። ትርንጎ ትስቃለች፣ ወዲያው ታለቅሳለች። ስም እናውጣላቸው ስላት «ይመር ነው የሚያወጣው፣ ሲደውል እጠይቀዋለሁ» አለች።

መብራቱ ሁለት ጊዜ ብልጭ ድርግም አለ። በእያንዳንዱ ጊዜ ወደ ማሽኑ ሮጥኩ።

ሰኞ

መብራት ጠፋ። ጠዋት ነው የጠፋው። ቀኑ ዳመና፣ ከከተማዋ ዳር ካለው ገደል የሚነሳ ነፋስ። ፋኖቹ ዝም ሲሉ ቤቱ ባዶ የሆነ መሰለኝ። ክፍሉ ሙቀቱን ትንሽ ያዘ፣ ከዚያ ለቀቀ። ግድግዳው ጭቃ ነው።

ሸሚዜን አወለቅሁ። ትርንጎ ሴቷን ያዘች፣ እኔ ወንዱን። ባናውን ለሁለታችን ደረብን። እመት ዘሀራ በጄሪካን ፍል ውሃ እያመላለሱ በጎናችን ደረደሩ፣ ሲቀዘቅዝ እየወሰዱ ሲፈላ እየመለሱ። 

ደረቴ ላይ ይተነፍስ ነበር። ይቆምና ይጀምራል። እግሩን እነካዋለሁ፣ ይጀምራል። ሲስተር ሙሉ መጣች፣ ጀርባውን አሸችው፣ አፏን አፉ ላይ አድርጋ ተነፈሰችለት። ይጀምራል።

«ቄሱን ጥሩልኝ» አለች ትርንጎ። «ክርስትና ይነሳልኝ።»

እመት ዘሀራ ራሳቸው ሮጡ። በዚያ ዕድሜያቸው።

ቄሱ ሲደርሱ አልፎ ነበር። ደረቴ ላይ ነው ያለፈው። መጀመሪያ ያወቅሁት እጁ ሲከብደኝ ነው። ያቺ እጅ ትከብዳለች? ከበደችኝ። ለትርንጎ ልነግራት አልቻልኩም። ሲስተር ሙሉ ከላዬ ላይ ስታነሳው ትርንጎ አየችና ነገሩ ገባት። አልጮኸችም። ሴቷ እንዳትነቃ ይመስለኛል።

አመሻሽ ላይ መብራቱ መጣ። አምፖሉ በራ። ማሽኑን ላስነሳ ቁልፉ ላይ እጄን አደረግሁ፣ እጄ እምቢ አለኝ። እዚያው ተቀመጥኩ።

«ሰኒ» አለች ትርንጎ ከኋላዬ። «አብሪው። ሴቷ አለች።»

አበራሁት።

ማክሰኞ

ቀበርነው። ክርስትና ስላልተነሳ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ነው፣ ጥዱ ሥር። ቄሱ ግን አብረውን መጥተው እስክንጨርስ ቆሙ። ጉድጓዱን የቆፈሩት የእመት ዘሀራ ባል ናቸው። ብዙ መቆፈር አላስፈለጋቸውም።

ለምን እኔ ሴቷን አልያዝኩም? የእናት ደረት ይበልጥ ይሞቃል ይባላል። እሱን ለትርንጎ ሰጥቼ ቢሆን? ለሲስተር ሙሉ ነገርኳት። ሴቷን እየመዘነች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ማንም ቢይዘው ያው ነበር» አለችኝ። «እሑድ ዕለትም አይቼዋለሁ። አልነገርኳችሁም።»

ያጽናናኝ ይሁን ይበልጥ ያሳመመኝ አላውቅም።

ይመር ደወለ። ትርንጎ ከአልጋው ላይ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ፣ እንዳትነግሪው ብላ። ቀድማ አስጠንቅቃኛለች፦ «እዚያ ብቻውን ነው። ማን ይይዘዋል?»

«ልጆቼስ?» አለ።

«ደህና ናቸው» አልኩት።

«ወንዱ ይጠባል?»

«ይጠባል።»

ስልኩን ዘግቼ ደጅ ወጣሁ። ሰው ገብስ ይወቃል፣ በሬ ይነዳል፣ ይዘፍናል። ተናደድኩባቸው። ምን አደረጉኝ?

ረቡዕ

ሦስት ካርድ ቀረኝ። ያ የሚንተፋተፈው ፋን ቆመ፤ በወረቀት ባራግበውም አልሆነም። ሦስቱን ከበፊቱ በላይ ገፋኋቸው። ኮዱ ውስጥ ሙቀት ሲበዛ ራሳቸውን እንዲያቀዘቅዙ የሚያደርግ መስመር አለ፤ ወሰኑን ከፍ አደረግሁት። የጻፈው ሰው ቢያየኝ ያብዳል። አንሶላው አጠገብ ወንበር አድርጌ ቁጭ ብያለሁ፤ እሳት ቢነሳ ቀድሜ እንዳየው።

ክፍሉ ሞቋል። ሴቷ ጠባች። ዛሬ ዓይኗን ገልጣ ትርንጎን አየች፣ ወይም ያየች መሰለን።

ዓርብ፣ መካነ ሰላም

መንገዱ ትናንት ተከፈተ። ዛሬ ማለዳ አንድ ገብስ የጫነ አይሱዙ ከወግዲ መጣ። ሲስተር ሙሉ መሀል መንገድ ላይ ቆማ አስቆመችው። ሾፌሩ ምንም ሳይጠይቅ ረዳቱን ጭነቱ ላይ አወጣውና እኛን ጋቢና አስገባን። ትርንጎ ሕፃኗን ከልብሷ ሥር ደረቷ ላይ አስራ፣ እኔ ከጎኗ። ካርዶቹን አጥፍቼ ነው የወጣሁት። ክፍሉ ውስጥ የቀረው ዝምታ አስፈራኝ።

መንገዱ ሁሉ ጉድጓድ ነው። ሾፌሩ በየጉድጓዱ «ይቅርታ እህቴ፣ ይቅርታ» ይላል፣ ራሱ የቆፈረው ይመስል። ትርንጎ ዓይኗን ከልብሷ ሥር አልነቀለችም። አንዴ «ሰኒ፣ ትተነፍሳለች?» አለችኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። የሞተሩ ድምፅ ነው የሚሰማኝ። «ትተነፍሳለች» አልኳት። እጄን ስከት በእርግጥም ትተነፍሳለች።

ሆስፒታል ወዲያው ተቀበሏት። ማሞቂያ ውስጥ አስገቧት፣ በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ አደረጉላት። ሐኪሙ ወጣት ነው። ክብደቷን አይቶ «እስካሁን በምን አቆያችኋት?» አለ። ትርንጎ ወደ እኔ አመለከተች። «በኮምፒውተር ሙቀት» አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም። «ይህችን ሳምንት እንያት» አለ። «አሁን ምንም አልላችሁም።»

ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን ሳለ ይመር ደወለ። ስልኩን ላነሳ ስል ትርንጎ ከእጄ ወሰደችው።

«ይመር» አለች። «መካነ ሰላም ገብተናል። ሐኪም ይዟታል።»

የሱን ድምፅ አልሰማሁም። እሷ ግን ግንቡን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

«አይደለም» አለች። «አንድ ናት። ልጃችን አንድ ናት፣ ይመር። ሰኞ ዕለት ነው። እኔ ነኝ አትንገሪው ያልኳት።»

ወዲያው በሩ ተከፈተና ነርሷ «የሕፃኗ እናት! ወተት ልንሰጣት ነው፣ ነይ እለቢልን» አለች። ትርንጎ ስልኩን እጄ ላይ አስቀምጣ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ገባች።

ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። ይመር ያለቅሳል። ከኋላው የሰው ድምፅ አለ፣ ዐረብኛ የሚናገር፣ ምናልባት አሠሪው እየጠራው ነው።  ሁለታችንም አልዘጋነውም።