ግመሏን አጋዘን ያደረጋት መነጽር

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 1975 ዓ.ም.

ውድ አማቼ ዘገዬ፣

ለሕክምና ብለህ የወሰድከው ጨጓራህ እንዴት ሰነበተ? ከሽማግሌ ሸሽቶ አዲስ አበባ ድረስ በባቡር የሚሳፈር ጨጓራ ከአንተ በቀር ያለው ሰው ሰምቼ አላውቅም። ደብዳቤህ ደርሶኛል። አንዴ ለመረዳት አነበብኩት፣ አንዴ ለመሳቅ። «ክፍሉ ወንድሜ፣ አንተ የምታጣው ሹመት የለህም፤ አጋዘን ነው ያልኩት እኔ ነኝ በልልኝ» ትላለህ። ሹመት የሌለው ሰው እንዲህ ተፈላጊ መሆኑን ሳላውቅ ስንት ዓመት በከንቱ አፍሬ ኖርኩ! ይህን መልስ በፖስታ ሳይሆን በሰው እጅ የላክሁት ስለ አለቃህም የምለው ስላለኝ ነው።

ነገሩን ከመጋላ ገበያ እንጀምረው። የመሥሪያ ቤትህ የበላይ ጓድ ወልደጻድቅ አደን ይወዳል ሲባል ሰማህ፤ በማግስቱ አንተም ከልጅነትህ ጀምሮ አደን የምትወድ ሆንክ። ከጂቡቲ በኮንትሮባንድ ከገባው ዕቃ መሐል ባለ አንድ ዓይን አቅራቢ መነጽር ልትመርጥ ወደ ነጋዴዋ በድሪያ ሱቅ ይዘኸኝ ገባህ። ሁለት ነበሩ። አጭሩ ሃያ ጊዜ ያቀርባል፤ ፊቱ ሰፊ ስለሆነ ብርሃን እንደ ልብ ያስገባል። ረዥሙ ስልሳ ጊዜ ያቀርባል፤ ፊቱ ግን ጠባብ ነው፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ብቻውን ተሸካሚ ይፈልጋል። ነገርኩህ፤ ለአደን የምንሄድበት ጀልዴሳ ሜዳ ላይ ፀሐይ ከፍ ካለች መሬቱ እንደ ድስት ይፈላል፣ መነጽሩ አውሬውን ሲያቀርብ ሙቀቱንም አብሮ ያቀርባል፤ ስልሳ ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ነገር ዝንጀሮ ይሁን ጳጳስ አይለይም። ካሜራህን ከመነጽሩ ዓይን ላይ ለጥፈህ ለጓድ ፎቶ ላነሳለት ነው ስትለኝም፣ ያለ ብርሃን የሚወጣልህ ጭስ ነው አልኩህ።

«ጓድ ፊት እቺን ድንክ ይዤ ልቁም?» አልከኝ።

በድሪያ ጫቷን ጉንጯ ውስጥ እንደያዘች ሳቀች። «አቦ ተወው! ወንድ ሁሉ ረዥሙን ነው የሚያነሳው። ወላሂ፣ እቺ አጭሯ እስካሁን ባል አላገኘችም።»

ረዥሙን ወሰድክ። ከዚያ ሳቢያን ሰፈር ቤትህ በረንዳ ላይ ተቀምጠህ የጎረቤት የልብስ ገመድ ስታጠና ከረምክ። እህቴ የሺአረግ «ባሌ ተመራማሪ ሆኗል» ትለኝ ነበር።

የአደኑን ዕለት በደብዳቤህ ሌላ ታሪክ አድርገህ ስለጻፍከው፣ የነበረውን ላስታውስህ። ረፍዷል። አንተ በሆድህ ተኝተህ መነጽሩን ስታሽከረክር ቆየህና «አጋዘን! ወንድ ነው! ቀንዱ ይሄን ያህላል!» አልክ።

«ደግመህ እይ፤ አንገቱ በዛብኝ» አልኩህ።

«መነጽሩ ላይ ያለው የማን ዓይን ነው? የኔ ነው ያንተ?»

«ያንተ። ችግሩም እሱ ነው።»

«ጓድ፣ ይተኩሱ!»

ተኮሰ። ቀንድ ያልከው የግራር ቅርንጫፍ ነበር። ከሥሩ የወደቀችው የጀልዴሳው አርብቶ አደር የሰማታር ግመል ናት፤ የምትታለብ። ሚስቱ ዳሃቦ ወተቷን በየማለዳው መጋላ አምጥታ እየሸጠች ነው ልጆቿን የምታሳድረው። ሰማታር እየሮጠ ደረሰ፤ እጁን ግመሏ አንገት ላይ አኖረ። ጓድ ወልደጻድቅ መኪናው ውስጥ እየገባ «እኔ የተኮስኩት ያሉኝን ነው» አለ። ይህ ዐረፍተ ነገር በዘመናችን ብዙ ሥራ ሠርቷል። አንተ ደግሞ ማቆሚያውን ታጣጥፍ ነበር።

የሰማታር ሽማግሌዎች ደጃፍህ መጥተው የተቀመጡት፣ እንደሚመጡ ሰምተህ ባቡር በተሳፈርክ ማግስት ነው። የሺአረግ ግመሏን በግመል እንተካለን አለቻቸው። ሰማታር በሶማሊኛ ተረጎመላቸው። «ግመሏ ትተካለች» አሉ፤ «ጥይት ግን ዓይን የለውም። ዓይን የሆነው ሰው መጥቶ፣ አጋዘን ያልኳት እኔ ነኝ ብሎ በባለቤቷ ፊት በገዛ አፉ ይናገር። ያለዚያ የምንቀበለው ካሳ አይደለም፤ የገበያ ግመል ነው።»

ከዚያ በኋላ ጀልዴሳ ድረስ ሄደን ሽማግሌዎቹ የሚዳኙበት ዛፍ ሥር ተቀመጥን፣ እኔና እህቴ። ደብዳቤህ ኪሴ ውስጥ ነበር። ትልቁ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረው «አንተ ነህ?» አሉኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት የሺአረግ ቀደመችኝ።

«እሱ አይደለም፤ ባሌ ነው። ያየውም አጋዘን አይደለም፤ ሹመት ነው።»

ይህ ሲተረጎም ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሰማታር አልሳቀም።

«ይመጣል?» አሏት።

«ይመጣል። ዋሱ እኔ ነኝ።»

እዚያ ዛፍ ሥር ዋስ ሲጠሩ ወረቀት አያስፈርሙም። ከቀረህ የሚቀረው ያንተ ቃል አይደለም፣ እሱማ ድሮም አልነበረም፤ የእሷ ነው። ከዳሃቦ ጋር መጋላ ገበያ ላይ ዓይን ለዓይን የምትገጣጠመውም እሷ ናት። የእኔ እህት ብልህ ሴት ናት፤ በሕይወቷ ሁለት ነገር ብቻ ተሳስታለች፣ ሁለቱም አንተ ነህ።

ስለዚህ አልዋሽልህም። የአርቡን ባቡር ያዝ። ጣቢያ መጥቼ እቀበልሃለሁ፤ ናፍቀኸኝ እንዳይመስልህ፣ ድሬዳዋን አልፈህ ጂቡቲ እንዳትገባ ነው። ዛፉ ሥር አጠገብህ እቀመጣለሁ። የምትናገረው አንተ ነህ። ድምፅህ ካነሰ «ጮክ በል» እልሃለሁ፤ ከእኔ የምታገኘው እርዳታ ይኸው ነው።

ትናንት ሰማታርን ከተማ አገኘሁት። «ዋሪያ፣ አማችህ ሲመጣ መጀመሪያ እኔ ቤት ሻይ ይጠጣ» አለኝ። «ሰው በባዶ ሆዱ እውነት መናገር ይከብደዋል።»

ከልቡ ነው። እኔ ግን ካንተ ሆድ እውነት እንዲያወጣ ለተፈረደበት ሻይ አዘንኩ።

የዋስህ ወንድም፣
ክፍሉ