መልስ ያልመጣለት ጥያቄ

ለእታለም፣ እህትም እናትም ለሆንሽኝ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ እንዴት አደረገሽ? እማማ ዓይኗን ታከመች ወይስ ዛሬም ነገ እያለች ነው? እኔ ሰውነቴ ደህና ነው፤ እንቅልፍ ግን እምቢ ብሎኛል።

የምሠራው የአምቡላንስ ጥሪ የሚቀበል ቢሮ እንደሆነ፣ ኮምፒውተሩን የምከታተለውም እኔ እንደሆንሁ ታውቂያለሽ። ጥሪ ሲመጣ የእኛ ኮምፒውተር ሆስፒታሎቹን በመስመር «አልጋ አላችሁ?» ብሎ ይጠይቅና ለሹፌሩ መንገዱን ይነግረዋል። ሰው ስልክ ደውሎ የሚያነሳለት ሲያጣ ይዘጋዋል። ኮምፒውተር ግን «እስከዚህ ጠብቅ፣ ከዚያ ሌላውን ጠይቅ» ካላሉት አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። የእኛው ገደብ አልነበረውም። ገደብ ይደረግለት ብዬ አለቃችንን ለምኜው ነበር። «ቸኩለን ብንቆርጠው፣ አልጋ እያለ የለም ብለን በሽተኛ ብናንከራትትስ?» አለኝ። እሱም ከልቡ ነው፤ ምን ልበለው?

ባለፈው ሰኞ አንድ ልብስ ሰፊ ስፌት ላይ እንዳጎነበሰ ግማሽ አካሉ ከዳው። አምቡላንሱ ደርሶ አነሱት። የእኛ ማሽን ቅርቡን ሆስፒታል ጠየቀ፤ ሆስፒታሉ አለኝም የለኝም ሳይል ዝም አለ። ስልክም አያነሱም። ስክሪኑ ላይ ያቺ «ጠብቁ» የምትል ክብ ነገር ብቻ ትዞራለች። ከኋላ የመጡት ጥሪዎችም ተደርድረው ቆሙ። ጥሪ ተቀባይዋ «ኧረ አንድ ነገር አድርጊ!» ትለኛለች፤ ሹፌሩ በሬዲዮ «ወዴት ልንዳ? ሰውዬው እየደከመብኝ ነው!» ይላል። አጥፍቼ ላስነሳው ብል የሌሎቹ ጥሪ ሁሉ ይጠፋል። ጣቴን ኪቦርዱ ላይ እንዳደረግሁ ደርቄ ቀረሁ። በመጨረሻ ሹፌሩ «በቃ፣ እግዜር ያውቃል» ብሎ በገዛ ግምቱ ነዳው።

ሰውዬው ተርፏል፤ ቀኝ እጁ ግን አልታዘዝ ብሎታል። ቀድሞ ቢደርስ ኖሮ እጁ ይተርፍ እንደሆነ ሐኪሙን ብጠይቀው፣ «ማን ያውቃል» አለኝ። ገደቡ በማግስቱ ገባ። ያዘዘው ራሱ አለቃችን ነው፣ ዓይኔን ሳያይ።

ቅዳሜ ከጥሪ ተቀባይዋ ጋር ልንጠይቀው ሄድን። ሚስቱ የመጣንበትን ስትሰማ ወንበር ሳበችልን። እሱ በግራ እጁ መርፌ ላይ ክር ሊያስገባ ይታገላል። «መኪናዋ እኮ ደጄ ቆማ ነበር፤ ምን ነበር የምትጠብቀው?» አለኝ። በቁጣ አይደለም እታለም፣ የምሩን ሊያውቅ ፈልጎ ነው። መርፌውን ተቀብዬ ክሩን አስገባሁለት። አመሰገነኝ።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን፣ ያችን ወሬኛ ልጅሽን፣ ጎረቤታችንን አናጺውንም ሰላም በይልኝ።

ታናሽሽ
ከኪራይ ክፍሌ፣ እሑድ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን