«ይጠፋል» ያልኳት

ጥቅምት 8 ቀን 2008
በወረዳው ሰሌዳ ላይ የሥራ ማስታወቂያ ወጥቷል። ዕፅዋት ሳይንስ፣ ዜሮ ዓመት ልምድ፣ ቦታው አንበሳሜ። እኔን ብለው የጻፉት መሰለኝ። ሮጬ አመለከትኩ። ነገ ከእማ ጋር ጎንደር… የምርመራዋ ውጤት ደርሷል።

ጥቅምት 9
የማህፀን በር ካንሰር።
ዶክተሩ እሷን አስወጥቶ ለኔ ነገረኝ። «ዕጢው ትልቅ ነው። አሁን ኦፕራሲዮን ብናደርጋት ሙሉ በሙሉ አይወጣም። በኬሞ እናሳንሰውና ከሦስተኛው ዙር በኋላ እናወጣዋለን። ኬሞው ብቻውን አያድናትም። የተማርሽ ነሽ፣ ቀስ አድርገሽ አስረጃት።»
በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። «ምን አለሽ?»
«መድኃኒት አለው እማ። ይጠፋል አለ።»
ኦፕራሲዮን የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። ትንሽ ስትበረታ እነግራታለሁ…

ኅዳር 3
ሁለተኛው ዙር። ትውከት። ፀጉሯ አለቀ። ጎረቤታችን እታለም አይታት ልታለቅስ ስትል እማ ቀደመቻት። «ተይ እንግዲህ። ጣራ ገዳም ብሄድ ሳይጠይቁ ያመነኩሱኛል።» ሳቅን። ከሳቅን ስንት ጊዜያችን?

ኅዳር 21
ሲፈሳት የነበረው ደም ከቆመ ዐሥር ቀን። ዓመት ሙሉ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ያስቀደሰች ሴት ዛሬ ለጽዮን ማርያም በዓል ቤተ ክርስቲያን ገባች። ስትወጣ «ጠፋልኝ» አለች። እልል አልኩላት። ምን ነካኝ?

ኅዳር 24
ሦስተኛው ዙር። ስንመለስ አዲስ ዘመን ከተማ ስንደርስ እነግራታለሁ አልኩ። አለፍን።

ታኅሣሥ 20
ነገርኳት። ቀጠሮው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። ሩዝ እያጨደች ነበር፤ ማጭዷን ሳታስቀምጥ ሰማችኝ።
«ለጠፋ ነገር ሆዴን ለምን ይከፍቱታል?»
«አልጠፋም እማ። አነሰ እንጂ።»
«አንቺ አይደለሽ ይጠፋል ያልሽኝ? የዋሸሽኝ ያኔ ነው አሁን?»
«ያኔ።»
«እንግዲያው እኔ የያኔውን አምኛለሁ።» ተመልሳ አጎነበሰች።

ታኅሣሥ 26
አልሄደችም።

ጥር 16
አንበሳሜ ተቀጠርኩ። ለመንደሩ ሁሉ አወራች። በየሳምንቱ እየመጣሁ እለምናታለሁ። «ደኅናውን ሰው ምነው ታማሚ አደረግሽው» ትለኛለች። ወዟም ተመልሷል… እኔ ራሴ አንዳንዴ አምናታለሁ።

መጋቢት 2
እታለም ደወለች። ደሙ ተመልሷል። ከበፊቱ የባሰ።

መጋቢት 5
ጎንደር። በሩ ጋ ስንደርስ «አንቺ እዚህ ቆዪ፤ እኔው እጠይቀዋለሁ» አለችኝ። ቆየሁ። ብዙ ቆየች።
ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች። «ደኅና ነው አለ። ማስታገሻ አዞልኛል።»
ካርዱን ተቀብዬ አነበብኩት። ዕጢው ፊኛዋ ድረስ ደርሷል። ለኦፕራሲዮን አይሆንም… ካርዱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ወረታ እስክንገባ ስለ እታለም ላም አወራችኝ።
አመሻሽ ላይ ከጓሮ ስመለስ እማ ለእታለም ስትነግራት በግድግዳው በኩል ሰማሁ።
«ዘግይተሻል አለኝ። ለልጂቱ ግን እንዳትነግሪያት። በኔ ነው ብላ ትሞትብኛለች።»
 ኮቴዬን አሰምቼ ገባሁ።