ጮክ ብዬ ያላነበብኩት ጥያቄ

ይድረስ ለአባዬ፣

እንደምን ከረምክ? ወገብህ ከፍራሹ ጋር ታረቀ ወይስ አሁንም ወንበር ላይ ነው የምታሸልበው? እናቴን ጉንፋኑ ለቀቃት? ታናሽ እህቴስ ፈተናው እንዴት ሆነላት? እኔ ከናፍቆታችሁና ከአንድ ከሚቆረቁረኝ ነገር በቀር ደህና ነኝ። ምን ሆና ነው ብለህ አትደንግጥ፤ ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት። መቀመጥ ከተባለ ማለቴ ነው። ሁለት መስመር ጽፌ እነሣለሁ፣ መስኮቱን ከፍቼ እዘጋለሁ፣ ተመልሼ ቁጭ እላለሁ።

ይህን የሚያነብልህ ባለፈው ስመጣ ስልክህ ላይ የጫንኩልህ ድምፅ ነው። ማጥበቅና ማላላት ገና አልገባውም፤ «አባቴ አለ» ብዬ ብጽፍለት ተናግረህ ይሁን ቤት ተቀምጠህ አይለይም። እንደምንም ታገሠው። እህቴ ታንብብልህ ያላልኩት ብቻህን እንድትሰማው ብዬ ነው።

የማስተማር ልምምድ ከጀመርኩ ስድስተኛ ሳምንቴ ነው። የደረሰኝ አምስተኛ ክፍል ነው፤ አርባ ስድስት ልጆች፣ ሒሳብ። የተመደብኩባቸው መምህርት ሃያ ስምንት ዓመት አስተምረዋል፤ ጡረታቸው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ግማሽ ነጥብ እንኳ ያለ ቦታዋ ስለማይሰጡ ተማሪዎቹ በስውር «ሚዛን» ይሏቸዋል። እኔም በሆዴ እንደዚያው ነው የምጠራቸው።

ኮሌጁ የሰጠን ሥራ ሦስት የኢንተርኔት መሣሪያዎች ክፍል ውስጥ ሞክረን፣ የሆነውን ሁሉ ጽፈን እንድናስገባ ነው። ሪፖርቱን የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተርም ያነቡታል። የእኔን ውጤት የሚሞሉት ደግሞ ሚዛን ናቸው። እንግዲህ ገመዱ በሁለት በኩል እንደታሰረ ልብ በልልኝ።

የመጀመሪያው የእሽቅድምድም ጥያቄ ነበር። ያሉን አሥራ ሁለት ታብሌቶች ስለሆኑ ልጆቹን በቡድን ከፋፈልኳቸው። ቀድሞ በትክክል የመለሰ ቡድን ስሙ በፕሮጀክተሩ ላይ ወደ ላይ ይወጣል። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ኔትወርክ ጠፋ። «መብረቅ» ነን ያሉት ልጆች «ተበላን!» እያሉ ጠረጴዛ ላይ ወጡ። ሚዛን ከኋላ ሆነው አንዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሁሉም ወረደ። እኔ ጠረጴዛ ላይ ባልሆንም ልወርድ ምንም አልቀረኝም።

ነገሩ የመጣው በሁለተኛው ነው። ይኼኛው የጥያቄ ግድግዳ ይባላል። ልጆቹ በታብሌቱ የልባቸውን ይጽፋሉ፣ የማንም ስም ሳይታይ ጥያቄው ግድግዳው ላይ ይወጣል። አፋር ልጅ ይደፍራል ብዬ ነው የመረጥኩት። መጀመሪያ ቀልዱ መጣ፤ «ሒሳብን የፈጠረው ሰው አሁን የት ነው?» ያለም አለ። ሚዛን ፊት ለፊት ቆመው እኔ ሳነብላቸው ይስቃሉ። ከዚያ ይኼ ወጣ፦ «መምህራችን ደብተራችንን ለምን ራሳቸው አያርሙም? ለምን ለክፍል አለቃዋ ያስነብባሉ? ዓይናቸው አያይም እንዴ?»

ፊደሉ መዳፍ ያክላል። ሚዛን ከግድግዳው ሁለት እርምጃ ርቀው፣ አንጋጠው፣ ፊታቸው ላይ ሳቁ እንዳለ፣ «በይ እንጂ፣ የሚቀጥለውን አንብቢልን። ምነው ዝም አላችሁ?» አሉ።

አባዬ፣ ራሴን ስሰማው «ክፍልፋይን በክፍልፋይ ስናካፍል ለምን እንገለብጣለን? ይላል» እያልኩ ነው። «ጎሽ፣ ጥሩ ጥያቄ!» አሉና ያንኑ ጽሑፍ እያዩ ማስረዳት ጀመሩ። አርባ ስድስቱም ዞረው አዩኝ። አንድም የሳቀ የለም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። የክፍል አለቃዋ ግንባሯን ጠረጴዛዋ ላይ ደፋች።

ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። አንተ በምታስተምርበት ክፍል ሁለተኛው ረድፍ ላይ ስቀመጥ፣ ሰሌዳው ላይ መስመር በመስመር ደርበህ ስትጽፍ ከኋላዬ የነበረው እሱ ነው። ከትምህርት በኋላ ቤት ገብተን ደብተር አነብልሃለሁ፣ አንተ ነጥቡን ትነግረኛለህ፣ በቀይ እጽፋለሁ። «የኔ ዓይን» ትለኝ ነበር። ልጆቹ ውጤታቸውን የጻፍኩት እኔ መሆኔን ሲደርሱበት በእረፍት ሰዓት አብሮኝ የሚቆም ጠፋ። ይህን ነግሬህ አላውቅም። በዚያው ዓመት የምስጋና ወረቀት ሰጥተው አሰናበቱህ።

ክፍሉ ሲያልቅ ሚዛን የመምህራኑን ክፍል በር ዘግተው «አሁን እውነቱን ንገሪኝ። ክፍልፋይ እንዲህ ያለ ዝምታ አያመጣም» አሉኝ። ነገርኳቸው። ቃል በቃል። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፣ አደረጉት፣ ደግሞ አውልቀው ጠረጉት። ማን ጻፈው አሉኝ። ስም አያሳይም አልኳቸው። «እንኳን አላሳየ» አሉ። ከዚያ ዝናብ ይዘንብ ይሆን ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው ባለ ድምፅ፣ «ሪፖርትሽ ላይ ታስገቢዋለሽ?» አሉኝ።

ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት፣ ደግሜ ከፈትኩት። «የምባረረው እኔ፣ የምትንቆራጠጪው አንቺ። ምነው?» አሉ። ያኔ ለማንም ያልተናገርኩትን ነገርኳቸው። ስንት ዓመትሽ ነበር አሉኝ። አሥራ አንድ አልኩ። አባትሽ ያውቃል? አያውቅም። የሚያጽናና ነገር የሚሉኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። ቦርሳቸውን አንሥተው በሩ ላይ ሲደርሱ ብቻ፣ «ያቺን አለቃ ምን እያሸከምኳት እንደከረምኩ ዛሬ ገባኝ» አሉና ወጡ።

ሦስት ቀን መቆሚያ መቀመጫ አጥቼ ዋልኩ። ሪፖርቱን ጻፍኩ፣ ቀደድኩ፣ እንደገና ጻፍኩ። ዳይሬክተሩን ኮሪደር ላይ ሳያቸው ወደ መጸዳጃ ቤት እታጠፋለሁ። በአራተኛው ቀን ሚዛን እኔን ከኋላ አስቀምጠው ራሳቸው ፊት ቆሙ። «ዓይኔ ደክሟል፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ ጽሑፍ አይለይልኝም» አሉ። «ጥያቄውን የጻፈው ማን እንደሆነ ማወቅ አልፈልግም። ጥያቄው ግን ትክክል ነው፤ ቀድሜ መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።» አለቃዋን በስሟ ጠርተው ከዛሬ ጀምሮ ደብተር አታነቢልኝም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ አሏት። ልጅቷ አለቀሰች። እኔ የት እንደማይ ጠፋኝ።

ሦስተኛውን መሣሪያ አብረን ሞከርነው። ልጆቹ መልሱን እንዴት እንዳገኙት በድምፃቸው ይቀዳሉ፤ ሚዛን በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ ነጥቡን ይነግሩኛል፣ የምመዘግበው እኔ ነኝ። አንዱ ሲቀዳ ጓደኛው በሹክሹክታ መልሱን ነግሮታል። ሚዛን ሰምተው ለተናጋሪው ዜሮ፣ ለሹክሹክታው ግማሽ ነጥብ ሰጡ! ክፍሉ በሳቅ ሞተ።

ከዚያ በራሳቸው እግር ዳይሬክተሩ ቢሮ ገቡ። ውሳኔው ገና አልመጣም፤ ያሰናብቷቸው ይሆናል፣ ያቆዩአቸው ይሆናል። ማንም ግን አልቀደማቸውም። እኔም ሪፖርቴን አስገባሁ፤ ሁለተኛው መሣሪያ ላይ «አንድ ጥያቄ ሆን ብዬ አሳስቼ አንብቤያለሁ» ብዬ ጽፌአለሁ። ውጤቴ ምን እንደሚሆን አላውቅም።

አባዬ፣ ሌላ አንድ ነገር አለ። ያኔ የናንተ ምክትል ዳይሬክተር የነበሩትን ሰውዬ አሥራ ሁለት ዓመት ሰላም አላልካቸውም። ድምፃቸውን ስትሰማ መንገድ ትቀይራለህ። «ለዳይሬክተሩ ያቃጠረብኝ እሱ ነው» ስትል እኔ ሳህን ለማንሣት እነሣለሁ። እባክህ ሰላም በላቸው። እሳቸው አልነበሩም። እንዴት አወቅሽ ትለኛለህ። ዳይሬክተራችሁ ስለ ዓይንህ በሰሙበት ቀን፣ በእረፍት ሰዓት፣ ከበራቸው ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ከዚያ ተነሥቼ ገባሁ። ከእኔ በፊት የገባ የለም። ከእኔ በኋላም የገባ የለም።

ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ባትመጣ ይሻላል ካልክ ለእህቴ ንገራት፣ ትደውልልኛለች፤ አልቀየምም። ፈጣሪ ጤናህን ይስጥልኝ፣ ዕድሜህን ያርዝምልኝ፣ ከእናቴ ጥላ አይለይህ። ድምፁ እዚህ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። እኔ ግን ያልኩህን ሁሉ ደግሜ በአፌ ልልህ ዝግጁ ነኝ።

ታላቋ ልጅህ